ሥዕልም ትእምርተ ጥቅስ ያስፈልገዋል

በድርሰት ትምህርት ገና ከመጀመሪያው ከምትማሯቸው ሕጎች አንዱ የጥቅስ ሕግ ነው። አንድ ጸሐፊ ከሌላ ሰው ንግግር ወይም ጽሑፍ ጥቂት ቃላት ወስዶ በራሱ ድርሰት ውስጥ ሲያገባ፣ የወሰዳቸውን ቃላት በትእምርተ ጥቅስ ያጥራቸዋል፤ የባለቤቱንም ስም ይጠራል። ይህን ሳያደርግ ቢቀር ሁለት ሰዎችን ይበድላል፤ በመጀመሪያ የቃሉን ባለቤት፣ ቀጥሎም አንባቢውን። በቃላቱ ግራና ቀኝ የሚቆሙት እነዚያ ትናንሽ ምልክቶች ለአንባቢ የሚነግሩት ነገር አጭር ነው። «ይህ ከሌላ ስፍራ የመጣ ነው» ይሉታል።

እንግዲህ ከአንድ ፎቶግራፍ ላይ የሰው ምስል ተቆርጦ ወደ ሌላ ፎቶግራፍ ሲዛወርስ? ምስሉን የሚያጥረው ምልክት የት አለ? በዘመናችን ይህን ሥራ በኮምፒዩተርም ሆነ በእጅ ስልክ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። ከእናንተም መካከል የሞከራችሁት ብዙዎች እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። አንዳንድ ሰዎች ይህ ጥበብ ወጣቶችን ሐሰት ያስተምራል በማለት ይነቅፉታል። ሌሎች ደግሞ ጨዋታ ስለሆነ ምንም ጉዳት የለውም ይላሉ። የእኔ አስተያየት ከሁለቱም ይለያል። ጥበቡን መማር ይገባል፤ ነገር ግን ቃል የጠቀሰ ሰው ምልክት እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ምስል ያዛወረ ሰውም ማዛወሩን መናገር አለበት። ምክንያቴን በተራ እገልጻለሁ።

አስቀድመን ሥራው እንዴት እንደሚከናወን እንመልከት። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ ከብዙ ሺህ፣ ብዙውን ጊዜም ከሚሊዮን ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። ነጥቦቹ ፒክሰል ይባላሉ። ከዚህ የነጥቦች ማሳ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ማንሳት ቀላል ነው፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ መስመር መሳብ ይበቃል። ዳሩ ግን በዓለም ላይ ካሉት ነገሮች መካከል ባለ አራት ማዕዘን የሆኑት ጥቂቶች ናቸው። የሰው ትከሻ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የፈረስ ጋማ፣ የነጠላ እጥፋት ሁሉም ወጣ ገባ ናቸው። ስለዚህ ሠራተኛው ላሶ የተባለውን መሣሪያ ይዞ የነገሩን ጠርዝ እየተከተለ ዙሪያውን ይከብበዋል። ላሶ ማለት የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች ፈረስና በሬ የሚይዙበት ባለ ሸምቀቆ ገመድ ነው፤ መሣሪያውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ገመድ ነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ በሆነበት ቦታ ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥታ መስመር መዘርጋት ይቻላል። ምስሉ ከበስተኋላው ካለው ነገር በቀለም ፈጽሞ የተለየ ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ቦታ በመንካት ብቻ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ነጥቦች ባንድ ጊዜ መምረጥ ይቻላል። ጠጉርን የመሰለ ረቂቅ ነገር ሲያጋጥም ግን ችኮላ አይረዳም። ሠራተኛው ምስሉን አቅርቦና አጉልቶ፣ ቀስ እያለ፣ የሚቀረውን ከሚሄደው መለየት አለበት።

የተከበበው ቅርጽ ተቀድቶ በሌላው ፎቶግራፍ ላይ ሲቀመጥ እንደ ስስ መስተዋት በላዩ ላይ ይነባበራል። ይህን ንብርብር ባለሙያዎቹ ሌየር ይሉታል። ቅርጹ በገዛ ሌየሩ ላይ ስለሚቆም፣ የታችኛው ፎቶግራፍ ሳይነካ ወዲያና ወዲህ ሊጎተት፣ ሊያንስ፣ ሊተልቅ፣ ሊዞርም ይችላል። ይሁን እንጂ ሥራው በዚህ አያበቃም። ጠርዙ በጣም ከሰላ ምስሉ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል፤ ስለዚህ ዳር ዳሩ በመጠኑ መለስለስ አለበት። በአዲሱ ስፍራ ፀሐይ የምታበራው ከግራ ከሆነ፣ ከቀኝ የበራለት ፊት እንግድነቱ ያስታውቃል። በእግሩ ሥር ጥላ የሌለው ሰው በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። አንዱ ፎቶግራፍ ጥርት ያለ፣ ሌላው ደብዘዝ ያለ ከሆነም ሁለቱ አይስማሙም።

ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድን ቅርጽ በትዕግሥት ከብቦ ያዛወረ ሰው ከዚያ በኋላ ፎቶግራፍን የሚያይበት ዐይን ይለወጣል። ብርሃኑ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል፤ ጥላውን ይፈልጋል፤ ጠርዙን ይመረምራል። ስፌት የሚያውቅ ሰው የተጣፈ ልብስ ሲያይ ጥፍጥፉን ወዲያው እንደሚለይ ሁሉ፣ መቁረጥና ማጋጠም የሚያውቅ ተማሪም በተቀጣጠለ ምስል በቀላሉ አይታለልም። ስለዚህ «ሐሰት እንዳይማሩ ጥበቡን እንከልክላቸው» የሚለው አስተያየት ወጣቶችን መከላከያ አልባ ያደርጋቸዋል እንጂ አይጠብቃቸውም።

ደግሞም ምስልን ከምስል ማጋጠም በኮምፒዩተር ዘመን የተጀመረ ጥፋት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቶማስ ኖልና ጆን ኖል የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች የጀመሩት ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም በአዶቤ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ የቀረበው በ1990 ነው፤ ሌየር የተጨመረለትም በ1994 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ከዚህ 133 ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በ1857፣ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ኦስካር ሬይላንደር የተባለ የስዊድን ተወላጅ «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» የሚል ርእስ የሰጠውን ታላቅ ፎቶግራፍ በማንቸስተር ከተማ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ሬይላንደር ሰዎቹን ጥቂት በጥቂት ለየብቻ ካነሣ በኋላ፣ ከ30 በላይ የሆኑ ኔጋቲቮችን አንድ በአንድ በአንድ ወረቀት ላይ እያተመ አጋጠማቸው። ንግሥት ቪክቶሪያም አንድ ቅጂ ገዙ። ይህ ሰው ያደረገውን አልደበቀም። በሚቀጥለው ዓመት ለለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር አሠራሩን በጽሑፍ አስረዳ። አሠራሩ መታወቁ ሥራውን አላዋረደውም፤ እስከ ዛሬም በፎቶግራፍ ታሪክ ውስጥ ስሙ ይጠራል።

ከዚህ ጋር የሚከተለውን አነጻጽሩ። በአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጄኔራል ግራንት በፈረስ ተቀምጠው በጦር ሠፈራቸው መካከል የሚያሳይ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶግራፉ ሲታይ የርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ማስረጃ ይመስላል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች በጥንቃቄ ሲመረምሩት ግን ከሦስት ፎቶግራፎች የተገጣጠመ ሆኖ ተገኘ። ራሱ ብቻ የግራንት ነው። ፈረሱና አካሉ ማክኩክ የተባሉ የሌላ ጄኔራል ናቸው። በስተኋላ የሚታየውም የግራንት ሠፈር ሳይሆን የተማረኩ የደቡብ ወታደሮች የተያዙበት ስፍራ ነው። ተገጣጥሞ የተዘጋጀው ጦርነቱ ካበቃ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1902 ገደማ ነበር። ሬይላንደርና ይህን ፎቶግራፍ ያዘጋጀው ሰው የተጠቀሙበት ጥበብ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው ግን ተናገረ፤ ሁለተኛው ሥራውን ሲያዩት እውነተኛ እንዲመስል አድርጎ ተወው።

ምናልባት «እኛ ልጆች ነን፤ የእኛ ቀልድ ታሪክን አያበላሽም» ትሉ ይሆናል። በ1917 በእንግሊዝ አገር ኮቲንግሊ በተባለች መንደር የሆነውን ስሙ። ኤልሲ ራይትና ፍራንሲስ ግሪፊትስ የተባሉ የአክስትና የአጎት ልጆች፣ አንዷ የ16፣ ሌላዋ የ9 ዓመት ልጆች፣ በተረት የሚነገርላቸውን ክንፍ ያላቸው ትናንሽ ፍጡራን በወረቀት ላይ ሥለው ቆረጡ። የተቆረጡትን ቅርጾች በባርኔጣ መርፌ ሣር ላይ አቁመው ፎቶግራፍ አነሡ። ስመ ጥሩው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ፎቶግራፎቹ እውነተኛ መስለዋቸው በ1920 በመጽሔት ላይ አወጧቸው። ሁለቱ ሴቶች ምስሎቹ ከወረቀት የተቆረጡ እንደ ነበሩ በግልጽ ያመኑት በ1983፣ በስተርጅናቸው ነው። እንዲያ ያለ ታላቅ ሰው ካመነ በኋላ እውነቱን መናገር እንዳሳፈራቸው ተናገሩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ይህኛው እውነት ግን እስኪጠራ 66 ዓመት ፈጀ፤ ደራሲው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ተሳሳቱ ቀሩ። በመጀመሪያው ቀን «ከወረቀት የተቆረጠ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ግን ምስሉ ያማረ የልጆች ሥራ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከሁለት እውነተኛ ፎቶግራፎችም ሐሰት ሊወለድ ይችላል። በ2003 በኢራቅ ጦርነት ጊዜ የአንድ ታላቅ የአሜሪካ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ በባስራ አቅራቢያ ሁለት ፎቶግራፎች አነሣ። በአንዱ የእንግሊዝ ወታደር እጁን ዘርግቶ ሕዝቡን ሲያዝ በደንብ ይታያል። በሌላው ሕፃን ያቀፈ ሰው በደንብ ይታያል። ሁለቱም በጥቂት ጊዜ ልዩነት የተነሡ፣ ሁለቱም እውነተኛ ነበሩ። አንሺው ግን የአንዱን ግማሽ ከሌላው ጋር አጋጥሞ ከሁለቱም የበለጠ ኃይል ያለው ሦስተኛ ምስል ፈጠረ። ጋዜጣው ካተመው በኋላ፣ በስተኋላ ከተቀመጡት ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለት ጊዜ መታየታቸው ተደረሰበት። ፎቶግራፍ አንሺው ከሥራው ተሰናበተ። ወታደሩም ሰውየውም በዚያ ስፍራ ነበሩ፤ በምስሉ ላይ የታየው ቅጽበት ግን ከቶ አልነበረም።

ጉዳቱ በጋዜጣ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ በቤት ውስጥም ይደርሳል። እኔ ባደግሁበት ሠፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ባለቤታቸው የሞቱባቸው የበኵር ልጃቸው ከመዳሯ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ሠርጉ ካለፈ በኋላ የሠርጉን ፎቶግራፍና ባለቤታቸው በአንድ የጥምቀት በዓል ጋቢ ለብሰው የተነሡትን አሮጌ ፎቶግራፍ ይዘው ወደ አንድ ፎቶግራፍ ቤት ሄዱ። «ከልጃቸው አጠገብ አቁምልኝ» አሉት ባለሙያውን። ባለሙያውም የጋቢውን ዘርፍ ክር በክር ተከትሎ፣ የሽበታቸውን ዳር ሳያበላሽ ቆርጦ ከሙሽራዪቱ በስተቀኝ አቆማቸው። ፎቶግራፉ በመስተዋት ተደርጎ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ያየው ሁሉ አደነቀ። እናትየዋም አለቀሱ፤ ተጽናኑም።

ዓመታት አለፉ። የሙሽራዪቱ ሴት ልጅ አድጋ ትምህርት ቤት ገባች። አንድ ቀን መምህሯ ስለ ቤተ ሰብ ድርሰት እንዲጽፉ ባዘዙ ጊዜ፣ ልጅቱ ያንን ፎቶግራፍ እያየች ወንድ አያቷ በእናቷ ሠርግ ላይ እንዴት ደስ ብሏቸው እንደ ዋሉ ጻፈች። ድርሰቱን ለቤተ ሰቡ ስታነብ ቤቱ ጸጥ አለ። «አይ ልጄ፣ አባባ እኮ ያን ጊዜ አልነበሩም» አሏት ሴት አያቷ። ልጅቱም ወደ ግድግዳው እያመለከተች፣ «ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። እናትየዋ ያደረጉት በፍቅር ነው። ባለሙያው ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ልጅቱም ዐይኗ ያየውን ጻፈች። ሆኖም ያልሆነ ነገር እንደሆነ ተደርጎ ከአንድ ትውልድ ወደሚቀጥለው ሊተላለፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ፎቶግራፉ ከግድግዳው ወርዶ ልጅቱ በጀርባው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፤ «አባባ በሠርጉ ቀን በሕይወት አልነበሩም። እማማ ከጥምቀት ፎቶግራፍ አምጥተው እዚህ አቆሟቸው።» ከዚያም ወደ ቦታው ተመለሰ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሄጄ ፎቶግራፉን አየሁት። በሙሽሮቹ ፊት ላይ ብርሃኑ የሚያርፈው ከግራ ነው፤ በአባትየው ፊት ላይ ግን ከቀኝ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም።

በአስተያየቴ ላይ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ «መግለጫ መጻፍ የምስሉን ውበት ያጠፋል» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ከላይ ተሰጥቷል። ሬይላንደር አሠራሩን ስላስረዳ ሥራው አልተናቀም። የጎረቤታችንም ፎቶግራፍ በጀርባው ከተጻፈበት በኋላ ከግድግዳው አልወረደም። እንዲያውም ቀድሞ ሠርግን ብቻ ይናገር የነበረው፣ አሁን የአንዲት ሚስትንም ናፍቆት ይናገራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ዛሬ ምስል እንደሚለዋወጥ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ማስታወቅ አያስፈልግም» የሚል ነው። እኔ ግን ይኸው ምክንያት ማስታወቁን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እላለሁ። ሰው ሁሉንም ምስል መጠራጠር ሲጀምር የሚጎዳው ሐሰተኛው ብቻ አይደለም። ረኀብን፣ ግፍን፣ የጎርፍ አደጋን በእውነት ያነሣ ሰውም አይታመንም። በደል የፈጸመ ሰው ደግሞ «ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው» ብሎ ለማምለጥ በር ይከፈትለታል። በአሁኑ ጊዜ ካሜራ ሳይኖር፣ በጽሑፍ በተሰጠ ትእዛዝ ብቻ ምስል የሚፈጥሩ ፕሮግራሞች አሉ። እንዲህ ባለ ዘመን እውነተኛውን ከተሠራው ለይቶ የሚናገር ሰው ለሁሉም ባለውለታ ነው። የሙያው ባለቤቶችም ይህን ተረድተዋል። በ2019 አዶቤ ኩባንያ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣና ያን ጊዜ ትዊተር ይባል የነበረው ድርጅት፣ አንድ ምስል ከየት እንደ መጣና ምን እንደ ተደረገበት የሚናገር መዝገብ ከምስሉ ጋር አብሮ እንዲሄድ የሚያደርግ አሠራር ለማዘጋጀት ተባብረዋል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ከምስሉ ሊነጠል ይችላልና፣ ሰው በገዛ ቃሉ የሚሰጠውን ምስክርነት አይተካውም።

ሦስተኛው፣ «እንግዲያስ ለቀልዱም ለማስታወቂያውም ሁሉ መግለጫ ይጻፍ?» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጀርመናዊቷ ሠዓሊ ሃና ሆኽ በ1919 ከጋዜጣና ከመጽሔት በተቆረጡ ምስሎች በሠራችው ታዋቂ ሥዕል፣ ትልቅ ራስ በትንሽ አካል ላይ ተቀምጦ፣ መንኰራኵር ከሰው ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። ያንን አይቶ የሚሳሳት ሰው የለም፤ ቁርጡ ራሱ ምልክት ሆኖ ይናገራል። ስለዚህ መለኪያው አንድ ነው። ምስሉ ለተመልካች «ይህ ነገር ሆኗል፤ እነዚህ ሰዎች በዚህ ስፍራ ነበሩ» ብሎ የሚመሰክር ከሆነ፣ ማዛወሩ መነገር አለበት። ተመልካቹ ሊሳሳት የማይችል ከሆነ ግን መግለጫ ግዴታ አይሆንም። ሁለቱን ለመለየት ስትቸገሩ ጻፉ። ከተጻፈ መስመር የተነሣ የተጎዳ ሰው አላውቅም።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ተማሩ። ፎቶሾፕ በአካባቢያችሁ ከሌለ ያለ ክፍያ የሚገኘው ጂምፕ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል፤ ኮምፒዩተር ካልተገኘም አሮጌ መጽሔትና መቀስ ለመጀመሪያው ትምህርት አያንሱም። ጠርዙን በትዕግሥት ተከተሉ፤ ብርሃኑን አስማሙ፤ ጥላውን አትርሱ። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ከሥሩ ሦስት ነገሮችን ጻፉ፤ ምን እንደ ተዛወረ፣ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንዳዛወረው። ጽሑፉ ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። በድርሰታችሁ ውስጥ የሌላ ሰው ቃል ስትጠቅሱ በግራና በቀኝ ምልክት ማድረግ እንደማይከብዳችሁ ሁሉ፣ ይህም አይከብዳችሁም። ከእናንተ በኋላ ያንን ምስል የሚያይ ልጅ፣ አጠገቡ ማንም የሚነግረው ሰው ባይኖርም፣ ያየው ነገር ሆኖ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ያውቃል።